ሁለቱን መነጽር አንድ ያደረገው ቤንጃሚን ፍራንክሊን

በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን እየተባለ በሚጠራው ገበያ የባሕር ማዶ ዕቃ የሚነግድ ሰው፣ በአሜሪካው የመቶ ዶላር ኖት ላይ የተሳለውን፣ ግንባሩ የተገለጠና ጠጉሩ በጆሮው ግራና ቀኝ የወረደ ሽማግሌ መልክ አይስተውም። ስሙ ማን ነው ቢባል ግን ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች አንዱ ነው የሚል መልስ ሳናገኝ አንቀርም። ሰውየው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፤ ፕሬዚዳንትም ሆኖ አያውቅም። በኖቱ ላይ ያለው ሥዕል መነጽር አላደረገም፤ እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ የተነሣነው ስለዚሁ መነጽሩ ነው።

ፍራንክሊን የተወለደው በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 17 ቀን 1706 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው።) አባቱ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚሸጥ፣ የ17 ልጆች አባት የሆነ ሰው ስለነበረ ልጁን ከሁለት ዓመት በላይ ሊያስተምረው አልቻለም። ቤንጃሚን በ10 ዓመቱ ወደ አባቱ ሥራ ገባ፤ በ12 ዓመቱም በታላቅ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ሥራ ለመማር ተቀጠረ። ፊደል ለቃሚነት እንዲህ ቀላል ሥራ አይደለም። እያንዳንዱን የእርሳስ ፊደል፣ ተገልብጦ የተቀረጸውን፣ በዓይን እየለዩ መደርደር ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሲመሽ የሚሠራው በሻማ ብርሃን ነበር። በ17 ዓመቱ ከወንድሙ ተጣልቶ ወደ ፊላደልፊያ ኰበለለ። እዚያም የራሱን ማተሚያ ቤት አቁሞ፣ ጋዜጣና የቀን መቍጠሪያ መጽሐፍ እያተመ ሀብታም ሆነ። በ1751 ከሐኪሙ ቶማስ ቦንድ ጋር ሆኖ የፔንሲልቫኒያን ሆስፒታል አቋቋመ። በመብረቅና በኤሌክትሪክ ላይ ያደረገውን ምርምር ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ እናልፈዋለን።

ይህ ሁሉ ሰው የሚሆነው ነገር ግን አይቀርለትምና፣ ዕድሜው ሲገፋ ዓይኑ ደከመ። በዓይናችን ብሌን ኋላ የሚገኘው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ስለሆነ፣ ወደ ቅርብ ስንመለከት እየወፈረ፣ ወደ ሩቅ ስንመለከት እየሳሳ ይታዘዛል። ከ40 ዓመት ግድም በኋላ እየደደረ ስለሚሄድ መታዘዙን ይተዋል። ያን ጊዜ ሰው ጋዜጣውን ከዓይኑ እያራቀ፣ በመጨረሻ ክንዱ አጠረ እስኪመስለው ድረስ ይዘረጋዋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ፀጕር እንደ መሸበት ያለ ነው። መድኃኒቱም መካከሉ ወፈር ያለ የመነጽር መስተዋት ነው። ሩቁ የሚደበዝዝበት ሰው ግን የሚያስፈልገው መካከሉ የሳሳ ነው። ፍራንክሊን ለማንበቢያ አንድ፣ ሩቅ ለማየት ሌላ፣ ሁለት መነጽር ይይዝ ነበር። በመንገድ ላይ ሳለ መጽሐፉን ሲያነብ አንዱን ያደርጋል፤ ቀና ብሎ አገሩን ለመቃኘት ሲፈልግ አውልቆ ሌላውን ይፈልጋል።

በ1776 መጨረሻ፣ ዕድሜው 70 ሲሆን፣ አገሩ ከእንግሊዝ ጋር በምትዋጋበት ጊዜ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ፈረንሳይ ተላከ። የፈረንሳይ ገንዘብና ጦር ካልተገኘ ጦርነቱ የሚያዘነብለው ወደ እንግሊዝ ነበርና፣ የአገሩ ዕድል ባመዛኙ በዚህ ሽማግሌ ጆሮና ዓይን ላይ ተጣለ ማለት ይቻላል። የፈረንሳይ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በራት ገበታ ላይ ነው። ፍራንክሊን ፈረንሳይኛው የተሟላ ስላልነበረ፣ ጆሮው የሳተውን ከተናጋሪው ከንፈርና ፊት እያነበበ ይረዳ ነበር። ለምግቡ የሚሆነውን መነጽር ቢያደርግ ከማዶ የተቀመጠው ሰው ይደበዝዝበታል፤ ለሰውየው የሚሆነውን ቢያደርግ ሳህኑን አያየውም።

ስለዚህ የሁለቱንም መነጽር መስተዋት ከመካከል አስቈረጠ። የሩቁን ግማሽ ከላይ፣ የቅርቡን ግማሽ ከታች አድርጎ በአንድ ክብ ውስጥ አስገጠመው። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ በቃው። በ1784 እና በ1785 ለአንድ የለንደን ወዳጁ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ይህን በደስታ ገልጧል። በእርግጥ ከእሱ አስቀድሞ በለንደን ተሠርቷል የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ቢሆንም ነገሩን ለዓለም ያሳወቀው እሱ መሆኑን የሚክድ የለም።

የለንደኑ ስመ ጥር መነጽር ሠሪ ዶሎንድ፣ ይህ ድርብ መነጽር የሚጠቅመው ለአንዳንድ ዓይን ብቻ ነው ብሎ ነበር። ፍራንክሊን በዚህ አልተስማማም፤ እንደ እሱ አስተያየት ለንባብ የሚስማማው መስተዋት ለሩቅ የማይሆነው ለብዙ ሰው ነው። ጊዜ ያስረዳው የፍራንክሊንን ሐሳብ ነው። ከዶሎንድ ንግግር ግን እኛ አንድ ቁም ነገር እንወስዳለን፤ ዓይን ሁሉ አንድ አይደለም። ከገበያ ተሠርቶ የሚገዛው የንባብ መነጽር፣ በታይዋንም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ ግራና ቀኙ በአንድ ልክ የተሠራ፣ ለቅርብ ብቻ የሚሆን ነው። መርፌ ማስገባት ላቃተው ልብስ ሰፊ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ እኩል ከሆኑ፣ እንጀራውን ሊመልስለት ይችላል። ሰሌዳው ለማይታየው ተማሪ ግን ምንም አይረዳም።

የሚከፋው ደግሞ መነጽር ጨርሶ የማይመልሰው ሕመም ነው። በ2005 እና በ2006 በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ዓይነ ስውር ከሆኑት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር፤ ይህም በቀዶ ጥገና የሚወገድ ነው። ዕይታቸው ከደከመባቸው መካከል ደግሞ ሲሶ ያህሉ ትክክለኛ መነጽር ቢያገኙ የሚድኑ ነበሩ። ግላኮማ የሚባለው ሕመም እንደ ሌባ ነው፤ ሳያሳምም ዕይታን ከዳር ጀምሮ ይበላል፤ የበላውንም አይመልስም። እንዲህ ያለበት ሰው መነጽር በመነጽር ላይ እየለዋወጠ የሚያባክነው ብሩን ብቻ አይደለም። ሐኪም የዓይኑን ግፊትና ውስጡን መርምሮ፣ ልኩን ጽፎ ከሰጠው በኋላ የሚመርጠው ብዙ አለ። የፍራንክሊን ዓይነቱ ድርብ መነጽር፣ መስመሩ የማይታይ አዲሱ ዓይነት፣ በዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ፣ ለአንዳንዱም የሌዘር ሕክምና ይገኛል።

ፍራንክሊን የሰላሙን ውል በ1783 በፓሪስ ፈርሞ፣ በ1785 ወደ ፊላደልፊያ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ቻርለስ ዊልሰን ፒል የሚባለው ሠዓሊ ከነድርብ መነጽሩ ሣለው። በ1787 የአገሩ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ የ81 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ከጉባኤው መካከል ተቀምጧል። በ1790 መጀመሪያ የባሪያ ንግድ እንዲቀር ለምክር ቤቱ በቀረበው አቤቱታ ላይ ስሙን ፈረመ፤ ኤፕሪል 17 ቀንም በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ሬሳውን 20 ሺህ ያህል ሕዝብ ሸኘው።