የወንድሞች ቤት አባት ዮሐን ሂንሪክ ቪኸርን

ዮሐን ሂንሪክ ቪኸርን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1808 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ በሞተ ጊዜ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረ። ለሰባት ልጆች በኵር ስለ ነበረ ፒያኖና ሌላም ትምህርት እያስተማረ በሚያገኘው ጥቂት ገንዘብ እናቱንና ታናናሾቹን ይረዳ ነበር። በኋላም በጎ አድራጊዎች ረድተውት በጌቲንገንና በበርሊን የነገረ መለኮትን ትምህርት ከተማረ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። ችግርን ከመጽሐፍ አስቀድሞ በገዛ ቤቱ አውቆት ነበርና የድኾች ልቅሶ ለጆሮው እንግዳ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በሐምቡርግ አንዳንድ ምእመናን በማኅበር ሆነው ያለ ደመወዝ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምሩ፥ የድኾችንም ቤት እየዞሩ ይጐበኙ ነበር። ቪኸርንም ከእነርሱ ጋር ተባበረ። በጨለማ ቤቶች ገብቶ ያየው ነገር ዕረፍት ነሣው። ልጆች ይራባሉ፥ ስለ ተራቡም ይሰርቃሉ፥ ስለ ሰረቁም ይታሰራሉ፤ እሑድ በአንድ ሰዓት የተማሩትንም ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ያስረሳቸዋል። ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች ከትምህርት ጋር ቤትና ቤተ ሰብ ያስፈልጋቸዋል ብሎ ቈረጠ።

ካርል ዚቬኪንግ የተባለ የከተማው ባለ ሥልጣን በሆርን መንደር አንዲት አሮጌ የሣር ክዳን ቤት ሰጠው። ቪኸርንም በ1833 ዓ.ም. ከእናቱ ጋር ገባባት፤ ዓመቱም ሳይፈጸም 12 ልጆች ተቀበለ። ለሚመጣው ልጅ ሁሉ ያለፈው በደሉ ይቅር እንደ ተባለለት፥ በቤቱም ዙሪያ ቅጥርና መወርወሪያ እንደሌለ፥ የሚያስረውም ፍቅር ብቻ እንደ ሆነ ይነገረው ነበር። ሌባ የተባለውን ልጅ ያለ ቍልፍ ማሳደር ቀላል እምነት አይደለም።

ልጆቹ በበዙ ጊዜ ለአሥራ ሁለት ያህል ልጆች አንድ ወንድም ተመደበላቸው። ወንድሞች የተባሉት ለአገልግሎት ራሳቸውን የሰጡ ወጣቶች ናቸው። ከልጆቹ ጋር በአንድ ገበታ ይበላሉ፥ በአንድ ጣራ ያድራሉ፥ አትክልት ይኰተኵታሉ፥ የእጅ ሥራም ያስተምራሉ። ከዚህም የወንድሞች ማሠልጠኛ ተነሣ፤ ከእርሱም የወጡት ወደ ትምህርት ቤት፥ ወደ ወኅኒና ወደ አሜሪካ ስደተኞች ሄዱ።

በ1839 ዓ.ም. ከጌታ ልደት አስቀድሞ ልጆቹ በዓሉ ስንት ቀን ቀረው እያሉ ቢያስቸግሩት፥ በሰረገላ መንኰራኵር ላይ ሻማዎች ተክሎ በየቀኑ አንድ ያበራላቸው ጀመር። ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚበራው የምጽአት አክሊል ከዚህ የመጣ ነው።

በ1848 ዓ.ም. በላይኛው ሲሌዥያ የተስቦ በሽታ ብዙ ሰው በፈጀ ጊዜ ቪኸርንና ወንድሞቹ ወደዚያ ሄደው የሙት ልጆችን ጠበቁ። በዚያው ዓመት በቪተንበርግ ጉባኤ ተነሥቶ የፍቅር ሥራ የመላዋ ቤተ ክርስቲያን ሥራ መሆኑን አስረዳ፤ የአገር ውስጥ ሚስዮንም በዚህ ተጠናከረ።

ነገር ግን እርሱም ሰው ነበረ። የድኽነትን ምክንያት ከሁሉ ይልቅ በእምነት ማጣት ስላየ ስለ ሠራተኛው ደመወዝና መብት በቂ አላሰበም። በመጨረሻም ብዙ ዘመን ታሞ በ1881 ዓ.ም. ዐረፈ።

አንባቢ ሆይ፥ ሳንቲም ሰጥቶ ማለፍ ለብዙዎቻችን ይቻለናል። ቪኸርን ግን የልጁን ስም ጠየቀ፥ በገበታውም አስቀመጠው። በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ከሚቀመጡት ልጆች የስንቱን ስም እናውቃለን? በሚመጣው እሑድ ከአንዱ እንጀምር።