ቤትሆቨንና የአራት ሰዓቱ ኮንሰርት

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። በብርድ እየተንቀጠቀጣችሁ የአንድ ደራሲ ሙዚቃ ብቻ አራት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብላችሁ ታዳምጣላችሁ? እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1808 ማታ፣ በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ ቴአትር አን ዴር ቪን በተባለው ቴአትር ቤት የተሰበሰቡት ሰዎች ያደረጉት ይኸንኑ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረው እስከ 4 ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። ደራሲው ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቤትሆቨን በጀርመን አገር በቦን ከተማ ተወልዶ ዲሴምበር 17 ቀን 1770 ክርስትና ተነሣ። አያቱ የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ ኃላፊ፣ አባቱ ደግሞ በዚያው ድምፃዊ ነበሩ። አባትየው መጠጥ ያበዙ ስለነበር ለልጁ ሙዚቃን ያስጀመሩት በቁጣና በግዴታ ነው። መደበኛ ትምህርቱንም 10 ዓመት ግድም ሲሆነው አቋረጠ። ከዚህ የተነሣ ይህ ታላቅ ሰው ዕድሜ ልኩን ማባዛት አይሆንለትም ነበር፤ ሒሳብ ሲገጥመው ቁጥሩን ደጋግሞ ጽፎ ይደምራል። የሒሳብ አስተማሪ ለመሆን የምትሠለጥኑ ጓዶች ልብ በሉልን!

ልጁን ያዳነው አንድ መምህር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ክርስቲያን ጎትሎብ ኔፈ ይባላሉ፤ የቤተ መንግሥቱ ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። የባህን ሥራዎች አስጠኑት፤ ገና በ11 ዓመቱ እሳቸው በማይኖሩበት ጊዜ ኦርጋኑን እንዲይዝ አደረጉ፤ በ1783ም ስለ ተማሪያቸው ተስፋ በመጽሔት አወጡ። ቤትሆቨንም ውለታቸውን አልረሳም። በ1792 ወደ ቪየና ከሄደ በኋላ፣ አንድ ቀን ትልቅ ሰው ከሆነ የእሳቸውም ድርሻ እንዳለበት በደብዳቤ ገልጦላቸዋል።

በቪየና ከሃይድን ዘንድ ተማረ፤ በፒያኖ አጨዋወቱም በመሳፍንቱ አዳራሽ ስሙ ገነነ። ታዲያ ዝናው ገና ሳይጠና፣ ከ1798 ገደማ ጀምሮ፣ ጆሮው ይደክም ጀመር። ለሙዚቀኛ ከዚህ የከፋ ምን አለ? በ1802 ሃይሊገንሽታት በተባለች መንደር ሆኖ ለወንድሞቹ ደብዳቤ ጻፈ። ሕይወቱን ለማጥፋት ተቃርቦ እንደነበርና ያስቀረው ሙዚቃው ብቻ መሆኑን ገለጠበት። ደብዳቤውን ግን አልላከውም፤ የተገኘው ከሞተ በኋላ ከወረቀቶቹ መካከል ነው።

በዚያ ላይ የኑሮ ጣጣ አለ። ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም። በዚያ ዘመን አንድ የሙዚቃ ደራሲ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ማግኘት ከፈለገ ቴአትር ቤት እንዲፈቀድለት ደጅ ይጠናል፤ ሲፈቀድለት ተጫዋቾቹን ራሱ አሰባስቦ የትኬቱን ገቢ ይወስዳል። የዲሴምበር 22ቱ ኮንሰርት እንዲህ ተለምኖ የተገኘ ነው።

ችግሩ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። በኖቬምበር ወር በአንድ የበጎ አድራጎት ኮንሰርት ላይ ቤትሆቨን ከኦርኬስትራው ጋር ክፉኛ ተጣልቶ ነበርና ተጫዋቾቹ እሱ ባለበት አንለማመድም አሉ። በጎን ክፍል ሆኖ እንዲከታተል ተገደደ። ጆሮው የደከመ ሰው ከግድግዳ ማዶ ሆኖ የራሱን ሲምፎኒ ሲከታተል አስቡት እንግዲህ! የታጨችው ድምፃዊትም በጠብ ምክንያት ቀረች፤ በቦታዋ የገባችው ወጣት በፍርሃት ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ይባስ ብሎ በዚያው ማታ በሌላ ቴአትር ቤት ለሙዚቀኞች ባልቴቶችና ወላጅ አልባ ልጆች መርጃ ኮንሰርት ስለነበረ ጥሩ ጥሩዎቹ ተጫዋቾች ወደዚያ ሄዱ።

ለመሆኑ ምን ቀረበ? ስድስተኛው ሲምፎኒ፣ አንድ የድምፅ ዜማ፣ ከቅዳሴ ሙዚቃው ክፍሎች፣ አራተኛው የፒያኖ ኮንሰርቶ፤ ከዕረፍት በኋላ አምስተኛው ሲምፎኒ፣ እንደገና የቅዳሴ ክፍል፣ ቤትሆቨን እዚያው እየፈጠረ በፒያኖ የተጫወተው፣ በመጨረሻም ፒያኖን፣ ኦርኬስትራንና መዘምራንን ያጣመረ ፋንታዚያ። ሁለት ሲምፎኒ በአንድ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ! ያን ዕለት ቁጥራቸው ተለዋውጦ ነው የታወጀው። አምስተኛው የሚነሣው ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም በሆነ ምት ነው፤ ማንም በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ሊመታው ይችላል። የመጀመሪያው ክፍል ከዳር እስከ ዳር የታነጸው በዚህችው አራት ድምፅ ነው።

ፋንታዚያው ላይ ሲደረስ ነገሩ ተበላሸ። በጥድፊያ የተጻፈ፣ በቅጡም ያልተለማመዱት ስለነበር ተጫዋቾቹ ተሳሳቱ። ቤትሆቨን በሕዝብ ፊት አስቁሞ እንደገና አስጀመራቸው፤ እነሱም እንደ ውርደት ቆጠሩት። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የነሱ ብቻ አይደለም። ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ ማታ መደርደር ተጫዋቹንም አድማጩንም ማድከም ነው። ግን ደግሞ ቴአትር ቤቱ መቼ ዳግመኛ እንደሚፈቀድለት በማያውቅ ሰው መፍረድ ያስቸግራል።

በዚያች ማታ አራተኛውን ኮንሰርቶ በፒያኖ የተጫወተው ራሱ ነበር። ከኦርኬስትራ ጋር ኮንሰርቶ ይዞ በአደባባይ ሲቀርብ የመጨረሻው ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የጻፈውን አምስተኛ ኮንሰርቶ መስማት ስለተሳነው አልተጫወተውም፤ በ1812 ቪየና ላይ ያሰማለት ተማሪው ካርል ቼርኒ ነው።

በ1809 ሦስት መሳፍንት ከቪየና እንዳይለቅ በዓመት 4000 ፍሎሪን ሊከፍሉት ተስማሙ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የኦስትሪያ ገንዘብ ዋጋው ወደቀና የተባለው ገንዘብ ሟሸሸ።

ሜይ 7 ቀን 1824 ሌላ ኮንሰርት በራሱ ሥራዎች ብቻ አቀረበ፤ ዘጠነኛው ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ያኔ ነው። ፈጽሞ አይሰማም ነበርና ተጫዋቾቹ ሌላውን መሪ፣ ሚካኤል ኡምላውፍን፣ እንዲያዩ ታዘዋል። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ካሮሊነ ኡንገር የተባለችው ድምፃዊት ይዛ ወደ አዳራሹ አዞረችው፤ ጭብጨባውን በዓይኑ አየ። ሒሳቡ ሲታሰብ ግን የተረፈው 420 ፍሎሪን ነበር።

ማርች 26 ቀን 1827 በ56 ዓመቱ ቪየና ውስጥ አረፈ። ችቦ ይዘው ቀብሩን ካጀቡት አንዱ ፍራንስ ሹበርት ነበር፤ እሱም በሚቀጥለው ዓመት ሞቶ በዚያው መካነ መቃብር ተቀበረ።