በግራ እጁ እንደገና የተማረው ተኳሽ

ተኩስ ለመማር የተነሣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስቸግረው የገዛ እጁ ነው። ዛሬ ታሪኩን የምንተርክላችሁ ሃንጋሪያዊው ካሮይ ታካች ግን በዚህ ችግር ያለፈው ሁለት ጊዜ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1910 በቡዳፔስት ተወልዶ ወታደር ሆነ፤ በሽጉጥ ተኩስም ስሙ ተጠራ። ነገር ግን የበታች ሹም ስለ ነበረና ከሠራዊቱ ለውድድር የሚላኩት መኮንኖች ብቻ ስለ ነበሩ፣ በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ አመለጠው። ክልከላው ከዚያ በኋላ ቢነሣም፣ በ1938 በልምምድ ላይ ሳለ ብልሽት የነበረበት የእጅ ቦምብ ፈንድቶ ቀኝ እጁን አሳጣው።

አንድ ወር ያህል በሆስፒታል ከተኛ በኋላ፣ ለማንም ሳይናገር በግራ እጁ ሽጉጥ ጨበጠ። ክንድን ዘርግቶ ማጽናት፣ ትንፋሽን መግታት፣ ምላጩን ሳይነጥቁ ቀስ አድርጎ መሳብ፣ ቀኝ እጁ ያውቀው የነበረውን ሁሉ ግራው ከሀ ሁ መጀመር ነበረበት። ትዕግሥቱ ያስደንቀናል። በ1939 በአገሩ ሻምፒዮና ላይ ብቅ ሲል ጓደኞቹ ለመመልከት የመጣ መሰላቸው፤ እርሱ ግን ተወዳድሮ አሸነፈ።

ጦርነቱ ሁለት ኦሊምፒኮችን አስቀረ። በ1948 ለንደን ሲደርስ 38 ዓመቱ ነበር። የአርጀንቲናው ስመ ጥር ተኳሽ ሳኤንስ ቫሊዬንቴ ለምን እንደ መጣ ቢጠይቀው፣ ለመማር ነው ብሎ መለሰለት ይባላል። በ25 ሜትር ርቀት የቆሙትን አምስት ዒላማዎች በስምንት፣ በስድስት፣ በመጨረሻም በአራት ሴኮንድ ውስጥ መምታት ነበረባቸው። ታካች በ580 ነጥብ የዓለምን ሪኮርድ ሰበረ፤ ቫሊዬንቴ በ571 ሁለተኛ ሆነ። በ1952 በሄልሲንኪም ታካች እንደገና አሸነፈ፤ በአንድ ነጥብ ብቻ የበለጠውም ራሱ ያሠለጠነውን ያገሩን ልጅ ሲላርድ ኩንን ነበር።

በማዕረጉ ምክንያት ከበርሊን የቀረው ያ የበታች ሹም፣ ከሠራዊቱ ጡረታ የወጣው ሌተና ኮሎኔል ሆኖ ነው። በ1976 ዐረፈ።