ራስ አባተ ቧያለው፤ ከመቀሌ እስከ ሆሣዕና

ወደ ሆሣዕና የሄደ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በገበያ ቀን የከተማይቱ ጎዳና በካሚዮን ይጣበባል። ከዶዮገናና ከአንጋጫ ድንችና ጎመን፣ ከሐደሮና ከጠምባሮ ዝንጅብል፣ ከሐዲያ ደጋ ስንዴ፣ ከየመንደሩ ቆጮና ቡላ ይወጣል። ጫኝና አውራጁ ይጯጯኻል፤ ረዳቱ በጭነቱ ላይ ወጥቶ ሸራውን ይወጥራል፤ ሾፌሩም ሻዩን ጨልጦ መሪውን ይጨብጣል። በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አዲስ አበባ ይገባል። ጭነቱ ለመቀሌ የታዘዘ እንደ ሆነ ግን ከአዲስ አበባ ወዲያ ሌላ 783 ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል።

በመካከላቸው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ያለባቸው እነዚህ ሁለት ከተሞች በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ይገናኛሉ። ሰውየው በፈረስ ስማቸው አባ ይትረፍ የተባሉት ራስ አባተ ቧያለው ናቸው። መቀሌ ላይ በመድፍ ተኩስ ስማቸው ወጣ፤ ሆሣዕናን ደግሞ ቆረቆሩ። ስለ ተኩሳቸው ብዙ ተነግሯል። እኛ ዛሬ ማንሣት የፈለግነው ብዙ ያልተነገረለትን ነገር፣ ጭነቱን ነው።

አባተ በዳግማዊ ምኒልክ ቤት ከፍ ያሉት በሊቀ መኳስነት ነው። ሊቀ መኳስ ማለት በጦርነት ጊዜ እንደ ንጉሡ ለብሶና ተሸልሞ የጠላትን ዓይንና ጥይት ወደ ራሱ የሚስብ ባለሟል ነው። ሹመቱ ክብር አለው፤ ሆኖም ባለሹመቱ በንጉሡ ፈንታ ለመሞት የተዘጋጀ ሰው መሆን አለበት። አባተ ከዚህ ሌላ የመድፍን ነገር ያውቁ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህን ዕውቀት የያዘ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቈጠር ነው።

ምኒልክ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ አስነገሩ፤ በጥቅምት መጀመሪያም ከአዲስ አበባ ተነሡ። ከሠራዊቱ ጋር 40 ያህል መድፎች ነበሩ። አንባቢያችን እዚህ ላይ ጥቂት እንዲያስብልን እንለምናለን። መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የነበረው የበቅሎና የእግር ዱካ ነው። የተራራ መድፍ ተፈታትቶ አፈ ሙዙ በአንድ በቅሎ፣ እግሩ በሌላው፣ መንኰራኵሩ በሦስተኛው፣ ጥይቱ በሣጥን ሆኖ በሌሎች ላይ ይጫናል። አንዲት በቅሎ ገደል ከገባች የጠፋው አንድ ጭነት ብቻ አይደለም፤ የቀረው የመድፉ ክፍል ሁሉ ዋጋ ቢስ ብረት ይሆናል። ስለዚህ የመድፍ አዛዥ ከማነጣጠሩ በፊት የበቅሎዎቹን ጀርባ፣ የጭነቱን አሠራርና የወንዙን መሻገሪያ ማወቅ ነበረበት።

ወታደሩ ስንቁን የሚያመጣው ራሱ ነው። በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ቋንጣውን በአህያና በበቅሎ፣ ከዚያ የተረፈውን በሚስቱና በአሽከሩ ጀርባ ያስጭናል። የ100,000 ሰው ቀለብ በዚህ ዓይነት ነው ሰሜን የደረሰው። ዛሬ ተሳቢ ያለው አንድ ካሚዮን 400 ኩንታል ይጭናል። አንዲት በቅሎ አንድ ኩንታል ትሸከማለች ብንል፣ ያ አንድ ካሚዮን የ400 በቅሎ ጓዝ ነው፤ በቅሎዎቹ ደግሞ ገብስ ይበላሉ፣ ገብሱንም የሚሸከሙ ሌሎች በቅሎዎች ያስፈልጋሉ። ተማሪዎች የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ሒሳቡን ብትቀጥሉት የት እንደሚደርስ ታዩታላችሁ።

ሠራዊቱ በታኅሣሥ መጨረሻ መቀሌን ከበበ። ሻለቃ ጋሊያኖ ከ1,000 በላይ ሰው ይዞ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ነበር። የሊቀ መኳስ አባተ ዝና የተነሣው እዚህ ነው። ጥይታቸው የጣሊያንን መድፍ በአፉ እንደ መታ፣ መድፍን መድፍ እንዳጎረሱ፣ አዝማሪው ሁሉ ዘፈነላቸው። ምሽጉን ያስለቀቀው ግን መድፍ ብቻ አልነበረም። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃው ተያዘ፤ የተከበበው ጦር በጥም ተቃጥሎ በጥር ወር ለመውጣት ተስማማ። በዚህ ጊዜ ምኒልክ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀናል፤ ጋሊያኖ ጓዙንና መሣሪያውን ጭኖ እንዲሄድ የጭነት ከብት ሰጡት። ደግነት የሚሉት አሉ፤ ሌሎች ብልሃት ይሉታል። እኛ ግን ያን ያህል መንገድ የጭነት ከብት ሲያልቅባቸው እያዩ የመጡ ንጉሥ ከብት ማጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር ብለን እናምናለን።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይወሳው ከዚያ ቀን በፊት ሁለቱም ወገኖች በስንቅ እጦት መጨነቃቸው ነው። የጄኔራል ባራቲዬሪ ቀለብ የጥቂት ቀን ብቻ ነበር፤ የምኒልክም ሰፈር ከዚያ የተሻለ አልነበረውም። ጥቂት ቀን ቢዘገይ ኖሮ አንደኛው ወይም ሌላው በርሃብ ምክንያት ይመለስ ነበር። ከድሉ በኋላ 56 የጣሊያን መድፎች ተማረኩ፤ እነሱም በተራቸው ጭነት ሆኑ።

ከዐድዋ በኋላ በነበሩት ዓመታት አባተ ደጃዝማች ተብለው ከምባታን ገዙ። ሐዲያም በዚያው ግዛት ውስጥ ነበር። ቀድሞ ዋቸሞ በሚባለው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ከተማቸውን ቆረቆሩ፤ ነገሩ በሆሣዕና በዓል ቀን ስለ ሆነ ስሙ ከዚያ ወጣ ይባላል። የቀድሞው ስም ግን አልጠፋም፤ ዛሬ በከተማይቱ ያለው ዩኒቨርሲቲ ይጠራበታል።

ስለ ታላላቅ ሰዎች የሚጽፉ ብዙዎች እዚህ ላይ ከተማ ቆረቆሩ ብለው ያልፋሉ። እኛ ማለፍ አንችልም። የጦር ሰፈር እህል ይፈልጋል፤ እንጨት፣ ሣር፣ ማር፣ በግ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ከገበሬው ጎተራ እስከ ኮረብታው ድረስ የሚያደርሰው ይሻል። ያደረሰው የሐዲያና የከምባታ ገባር ነው። ገባሩ ለነፍጠኛው ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፣ እህል ይፈጫል፤ ጌታው በተነሣ ጊዜም ጓዙን ይሸከማል። የግብር እህሉን እንኳ ሰጥቶ አይገላገልም፤ በታዘዘበት ስፍራ ማድረስ አለበት። በቅሎ የሌለው በትከሻው ያደርሳል። የራሱ ማሳ አረም ሲውጠው የሌላ ሰው ጓዝ ተሸክሞ ቀናት የሚከርም ሰው ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። ኪራዩ ሳይከፈል በሰው ጀርባ የተጓዘው ይህ ጭነት በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም። ስለዚህ ያንን የተሸከሙትን ሰዎች ስም ልንጽፍ አንችልም፤ የአዛዡን ግን እንጽፋለን። የገባርነቱ ግዴታ በሕግ የተነካው ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ነው፤ አባተ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ይህን በመጻፋችን የጀግናውን ስም ያጐደፍን የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለእኛ አይመስለንም። መቀሌ ላይ የተኮሱትም ሆሣዕና ላይ ያስገበሩትም አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱን ይዘን ሌላውን ብንተው የምንጽፈው ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ ይሆናል።

አባተ እንደገና ወደ ሰሜን ተላኩ። ደጃዝማች አብርሃ አርአያ በትግራይ ሲሸፍቱ፣ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ኮረም ላይ ገጥመው አሸነፉዋቸው፤ ራስ የተባሉትም ከዚያ ወዲህ ነው። የእንደራሴው የራስ ተሰማ ናደው ሞት በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ፣ አባተ በቤተ መንግሥቱ ሥልጣኑን ለመያዝ ሞከሩ። ዓይናቸው ያረፈው በመሣሪያው ግምጃ ቤት ላይ ነበር፤ የመድፍ ሰው ሌላ ምን ሊያይ ኖሯል? ሌሎቹ መኳንንት ተባብረው ከለከሉዋቸው፤ አቡነ ማቴዎስ መካከል ገብተው ነገሩ ያለ ብዙ ደም በረደ። አባተም ወደ ግዛታቸው እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ልጅ ኢያሱና አባታቸው ራስ ሚካኤል ግን አልረሱዋቸውም፤ ብዙ ሳይቆዩ ተይዘው ወደ ወሎ ተወሰዱ፤ መቅደላ ላይም ታሰሩ።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ አውቶሞቢል ካየች ጥቂት ዓመት ሆኗታል፤ የመጀመሪያዎቹ የገቡት በ1900 ዓ.ም. ነውና። ሆሣዕና ግን ካሚዮን እስክታይ ገና ብዙ መጠበቅ ነበረባት። ጓዙ ሁሉ እንደ ቀድሞው በበቅሎና በሰው ጀርባ ይሄዳል።

መቅደላ ላይ አንድ የታወቀ ጭነት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይደርሳል። ለበቅሎ የሚሆን ስላልነበረ፣ ወታደሩ ዐለት እየፈለጠ መንገድ ሲሠራለት፣ ንጉሡም በእጃቸው ሲረዱ፣ በገመድ እየተሳበ ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ያህል ወሰደ። የደረሰው በ1860 ዓ.ም. ነው፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። አባ ይትረፍ በእስር በቆዩበት ጊዜ ያን መድፍ ሳያዩት፣ በስንት ሰው እንደ ተሳበም ሳይጠይቁ የቀሩ አይመስለንም።