ካርል ሙለር፦ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረሰውን የልብ ሕመም ያሳዩ ሐኪም

አባት በለጋ ዕድሜው በድንገት ይሞታል፤ ከዓመታት በኋላ ልጁ ይከተለዋል። እንዲህ ያለውን ሞት ዕጣ ፈንታ ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። በአውሮፓውያኑ 1886 የተወለዱት ኖርዌያዊው ሐኪም ካርል ሙለር ግን ምክንያቱን ከደም ውስጥ ፈለጉት።

ሙለር በኦስሎ ሲሠሩ በአንዳንድ ሕሙማን ጅማትና የዓይን ቆብ ላይ ቢጫ የስብ እብጠት አስተዋሉ። የደማቸው ኮሌስትሮልም ከፍተኛ ነበር። ሐኪሙ በሕሙማኑ ብቻ ሳይወሰኑ ዘመዶቻቸውንም መረመሩ። በ1938 ባሳተሙት ጥናት ከ17 ቤተሰቦች የተገኙ 76 ሰዎችን አቀረቡ፤ ከእነዚህ 68ቱ የልብ ሕመም ነበረባቸው። ሕመሙ በዘር እንደሚተላለፍም አሳዩ። ከወላጆች አንዱ ብቻ ቢኖርበት እንኳ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው።

በ1970ዎቹ አሜሪካውያኑ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ምስጢሩን ፈቱ፦ ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም የሚለቅምበት ተቀባይ ይጎድላል። ለዚህም ሥራቸው በ1985 ኖቤል ተሸለሙ፤ ሙለር ግን ከሁለት ዓመት በፊት አርፈው ነበር።

ዛሬ ከኦስሎዋ ግሮሩድ እስከ አዲስ አበባ፣ ወላጁ ያለ ዕድሜው በልብ ሕመም የሞተበት ሰው ኮሌስትሮሉን ቢያስመረምር አደጋውን ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል፤ መድኃኒትም አለ።