ቀደር የጥፋተኛ መደበቂያ አይደለም

ሰው በሕክምና ስሕተት ሲሞት ጉዳዩ ቀደር ነው ተብሎ ሲዘጋ በሰማሁ ቁጥር የባግዳዱ ሐኪም ሲናን ኢብን ሣቢት ትዝ ይለኛል። ሲናን የታላቁ ሊቅ የሣቢት ኢብን ቁርራ ልጅ ነው። ከሳቢእ ቤተሰብ ተወልዶ ኋላ ሰለመ። የከተማይቱን ሆስፒታሎች መራ፤ በወዚሩ ዐሊ ኢብን ዒሳ ትእዛዝም ሐኪሞችን ወደ እስር ቤቶች፣ መድኃኒት አስይዞም ወደ ገጠር ላከ።

በ319 ዓመተ ሂጅራ (931 እ.ኤ.አ.) አንድ ተራ ሰው በሐኪም ስሕተት መሞቱ ከኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ጆሮ ደረሰ። ኸሊፋውም ሲናን ፈትኖ ያላለፈው ሰው እንዳያክም አዘዘ፤ አስፈጻሚው ሙሕተሲቡ ሆነ። ከ860 በላይ ሐኪሞች ተፈተኑ። ስመ ጥሮቹና የቤተ መንግሥቱ ሐኪሞች ግን ከፈተናው ነፃ ነበሩ፤ ይህን ጉድለት አልሸሽግም።

ሲናን በ331 ሂጅራ (943 እ.ኤ.አ.) ወደ አኼራ ሄደ። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። በቀደር እናምናለን፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት አማና ነው። እንግዲህ ማን አከመ? ማንስ ፈቀደለት? ሹማምንቱ ይመርምሩ፤ እኛም መልሱን ሳንሰማ ዝም አንበል።