ለዓይነ ስውራን ፊደል የሰጠ ወጣት
(የሉዊ ብሬል የሕይወት ታሪክ)

የዓይነ ስውሩን የበርጤሜዎስን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ሰምተነዋል። በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲጮኽ ሕዝቡ ዝም እንዲል ገሠጸው። ጌታ ግን አስጠራው፤ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግም ራሱን በርጤሜዎስን ጠየቀው። ዛሬ የምንጽፍለት ሰው በዚያ መንገድ ዳር ከተቀመጡት አንዱ ሊሆን ይችል ነበር።

ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በጥር 4 ቀን 1809 በፈረንሳይ አገር፣ ከፓሪስ ብዙ በማይርቅ ኩቭሬ በተባለ መንደር ተወለደ። አባቱ የፈረስ ዕቃ የሚሠራ ቆዳ ሠሪ ነበር። ሉዊ የ3 ዓመት ልጅ ሳለ በአባቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ በወስፌ ቆዳ ለመብሳት ሲሞክር ወስፌው አዳልጦት አንድ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመረቀዘና ወደ ሌላው ዓይኑ ተዛመተ። 5 ዓመት ሲሞላው ብርሃን ፈጽሞ ጠፋበት።

ወላጆቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አባቱ በትር ሠራለት፤ በመንደሩም ብቻውን መሄድ ለመደ። ቄሱና የመንደሩ መምህር ተቀብለው ከሌሎች ልጆች ጋር አስተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1819፣ በ10 ዓመቱ፣ በፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ።

በዚያ ትምህርት ቤት ቫለንቲን አዩዊ የተባለ መሥራቹ ያዘጋጃቸው ጥቂት መጻሕፍት ነበሩ። ዓይናሞች የሚያነቡትን ፊደል በወረቀት ላይ ጐላና አበጥ አድርጎ በማተም የተሠሩ ናቸው። መጻሕፍቱ ግዙፍና ከባድ ነበሩ፤ እያንዳንዱን ፊደል በጣት ዳስሶ ለመለየትም ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዓይነ ስውሩ በዚያ መንገድ ራሱ ሊጽፍ አለመቻሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ የጦር መኮንን በነጥብ የመጻፊያ ዘዴ ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። ነገር ግን ለአንድ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ስለሚያስፈልግ ጣት በአንድ ንክኪ ሊይዘው አይችልም ነበር። ሉዊ ይህን አሳብ ይዞ ሌሊት ጓደኞቹ ሲተኙ፣ በዕረፍት ጊዜም በአባቱ ቤት፣ ወረቀት እየወጋ ደከመ። በ15 ዓመቱ 6 ነጥቦችን ብቻ፣ 3 ወደ ታች በ2 ረድፍ፣ የሚጠቀም ፊደል ፈጠረ። ከ6ቱ ነጥቦች 63 ልዩ ልዩ ምልክቶች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱም ከጣት ጫፍ በታች በልክ ይገባል። የመጻፊያው መሣሪያ እንደ ወስፌ የሾለ ነው። ዓይኑን ያጠፋው ዓይነት መሣሪያ ለብዙዎች የብርሃን መክፈቻ ሆነ።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1829 አሳተመ፤ ለዜማ መጻፊያም እንዲሆን አድርጎ አዘጋጀው። በትምህርት ቤቱ መምህር ሆነ፤ በፓሪስ ቤተ ክርስቲያንም ኦርጋን ይጫወት ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ እንደሚተርኩት፣ ሳይከፈት እንዲቃጠል ያዘዘው ሣጥን ከሞተ በኋላ ቢከፈት፣ ተማሪዎቹ የተበደሩትን ገንዘብ የፈረሙባቸው ወረቀቶች ተገኙበት።

ነገር ግን ፊደሉ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ዓይናሞች የነበሩት አለቆች ዓይነ ስውራን ከሌላው ሰው የተለየ ፊደል ሊኖራቸው አይገባም ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840 የተሾመው ዳይሬክተር በትምህርት ቤቱ እንዳይሠራበት ከለከለ። ተማሪዎቹ ግን በስውር መጻፋቸውን አልተዉም። እነዚያ አለቆች ክፉዎች አልነበሩም፤ ጉድለታቸው የሚረዷቸውን ሰዎች አለመጠየቃቸው ነው።

ሉዊ በሳንባ ነቀርሳ ለብዙ ዘመን ታሞ እ.ኤ.አ. በጥር 6 ቀን 1852፣ በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ትምህርት ቤቱ ፊደሉን በይፋ የተቀበለው ከ2 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ዐጽሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚቀበሩበት ወደ ፓንቴዮን ሲዛወር እጆቹ በተወለደበት መንደር ቀሩ።

ይህ ፊደል ወደ አገራችንም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታ የመጡት ዶክተር ቶማስ ላምቢ አስቀድሞ በወለጋ በደምቢ ዶሎ ያገለግሉ ነበር። በዚያ በደምቢ ዶሎ በፈንጣጣ ዓይናቸው የጠፋና በልመና ይኖሩ የነበሩ ጊዳዳ ሶለን በጣት ማንበብን ተምረው ቄስና የቤተ ክርስቲያን መሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1977 እስኪያርፉ ድረስ ብዙዎችን አስተምረዋል። በእኛም በሶዶ፣ በኦቶና፣ ዓይነ ስውራን ልጆች በስሌትና በስታይለስ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጉ ይጽፋሉ፤ ወረቀቱንም ገልብጠው ከግራ ወደ ቀኝ ያነባሉ። ለአማርኛ ተናባቢውንና አናባቢውን በየምልክቱ ይለያሉ። ወላይትኛ ዛሬ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የዚያንም ነጥቦች ያጠናሉ። ጽሑፍ የሚያነብ ኮምፒዩተርና ስልክም ዛሬ ተጨምሮላቸዋል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። በኅብረታችን አንድ ዓይነ ስውር ወንድም አለን። መዝሙር በጆሮው ይይዛል፤ እኛም እጁን ይዘን እናስገባዋለን፣ እጁን ይዘን እናስወጣዋለን። ጥቅስ የማንበብ ተራ ሲደርስ ግን አልፈነው እንሄድ ነበር። ብሬል ማንበብ እንደሚችል ያወቅነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ቀድሞ የጠየቀው ሰው አልነበረምና። በዚህ አፍረናል። ከዚያ ወዲህ የሳምንቱን ምንባብ ቀደም ብለን እናነብለታለን፤ እርሱም በነጥብ ጽፎ ይመጣና በተራው ለሁላችን ያነባል።

ወጣቶች ሆይ፣ ምጽዋት መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን የሉዊ አባት ለልጁ የሰጠው በትር ነበር፤ ልጁም በእርሱ ተመርቶ በራሱ እግር ሄደ። እኛም በአጠገባችን የተቀመጠውን ወንድም ወይም አቅም ያነሳቸውን እናትና አባት ምን እንደሚሹ አስቀድመን እንጠይቅ። ጌታ በርጤሜዎስን ጠይቆታልና።